ከቺፑድ ግድግዳው ማዶ

እህቴ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆና ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት እኔ እንደገና ማበድ ጀመርኩ። «ማበድ» የሚለውን ቃል እሷ አትወደውም፤ «ሕመሙ አገረሸ በል» ትለኛለች። በሽታው የኔ ነው፤ ስም የማወጣለትም እኔ ነኝ። ደግሞ በዚያ ሰሞን የሆንኩትን ለስለስ አድርጎ የሚገልጽ ቃል ቢገኝ እኔም አልጠላም ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሳይ ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ አንገቱን፣ ከዚያ እጅጌው የት ላይ እንዳለቀ ነው የማየው። ሰው በአፉ ይዋሻል እንጂ በትከሻው አይችልበትም። የፈራ ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ሳታስተውል ከለካኸው ኮቱ ሲያልቅ ይንጠለጠልበታል። ይህን ያስተማረኝ አለቃችን ነው፤ ገና ክር ሳቀብል። ምላሱ ስለሚቆርጥ በሌለበት «ምላጭ» እንለዋለን፤ በፊቱ ግን ጌታዬ ነው።

ድሮ ድምፅ መስማት ጀምሬ፣ ሆስፒታል ገብቼ ስወጣ፣ ምላጭ አላባረረኝም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አንስቶ ካውያ ላይ አቆመኝ እንጂ። «ካውያ ቢያቃጥል ነው፣ አይወጋም» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ወደ ጠረጴዛው ለመመለስ ዓመታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ያንን ትልቁን መቀስ በሰው ሁሉ ፊት አቀበለኝ። ንግግር አላደረገም፤ «እንካ፣ እጅህ ይፍታታ» ብቻ ነው ያለው። እህቴ ዲፕሎማዋን ስትቀበል የዚያን ያህል ደስ ሊላት እንደማይችል በልቤ ተወራረድኩ።

እንግዲህ እንዳላጣው የምፈራው ይህንን መቀስ ነበር። ድምፅ መስማቴ እንደገና ከታወቀ ምላጭ ይወስድብኛል፤ የሚወስድብኝ ደግሞ በክፋት ሳይሆን በርኅራኄ ነው። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል። ከሚያዝንልህ ሰው ጋር በምን ትጣላለህ?

ቤታችን ውስጥ እማዬ፣ እህቴና እኔ ነን። የኔና የእህቴ ክፍል ድሮ አንድ ነበር፤ አባታችን በሕይወት ሳለ በቺፑድ ለሁለት ከፈለው። መስኮቱ ለኔ ደረሰኝ፣ የመብራቱ ማብሪያና ወደ ግቢ የሚያስወጣው በር ለእሷ። ስለዚህ መብራት አጥፊልኝ ብዬ የምለምነው ታናሽ እህቴን ነው። የአልጋዬ ራስጌ ቺፑዱን ተደግፏል። ከሥራ እንደገባሁ መድኃኒቴን ውጬ ራት እስኪደርስ እተኛ ነበር፤ እንቅልፌ ደግሞ የሬሳ ነው፣ እማዬ እግሬን ጎትታ ነው የምትቀሰቅሰኝ። በዚያ ሰሞን ግን ሐኪሙ «ኪኒኑን ከራት በኋላ አድርገው» አለኝ። ለእማዬ ነገርኳት። እህቴ በልምምድና በፈተና ተወጥራ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ሆና ስለነበር ለእሷ መንገሩ ትዝም አላለኝ። ያው በልማድ በሰዓቴ ጋደም እላለሁ፣ አይኔን እጨፍናለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም።

ልክ እንደዚያ ጋደም ብዬ ነው የሰማሁት።

«ታወቀብህ» አለኝ።

የድሮው ድምፅ የወንድ ነበር፤ ጎርናና፣ ተቆጪ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነገር። ይሄኛው የሴት ነው። ቀስ ያለ፣ ትንፋሽ የበዛበት ሹክሹክታ፣ ከትራሴ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል። «ታወቀብህ። እጅህን ደብቅ። ዝም ያሉት አዝነውልህ ነው።» ቃሎቹ የድሮዎቹ ናቸው፣ አንድም አልተለወጠ። በዚያ በክፉው ጊዜ እጄን በብብቴ ሸጉጬ የከረምኩት «እጅህን ደብቅ» እየተባልኩ ነው። የባሰው ደግሞ ድምፁ እህቴን እህቴን ይላል። በሽታዬ ዳይሬክተሩን አሰናብቶ በምትኩ እህቴን ቀጠረ ብዬ አሰብኩ።

ጉሮሮዬ ደረቀና ሳልኩ። ድምፁ ቆመ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። በቺፑዱ ስንጥቅ በኩል አየሁ፤ ማዶ ጨለማ ነው፣ መብራት የለም፣ ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «ታወቀብህ።» የድሮውም አመሉ እንዲሁ ነበር፤ ሲያባርሩት ዝም ይላል፣ ሲዘነጉት ይመጣል።

ራት ሲቀርብ እህቴ በግቢው በኩል ገባች። ፀጉሯ ተንጨባርሯል።

«አሁን ነው የመጣሽው?» አልኳት።

«አዎ፣ አሁን መግባቴ ነው» አለችና ወንበሯን ሳበች።

በቃ አለቀልኝ አልኩ። ሾርባውን እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም።

በነጋታው ጠዋት ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ እሷ ነጭ ጋዋኗን ታጥፋለች። ከእማዬ መደበቅ ይቻላል፤ ከእሷ ግን አልፈለግኩም። ደግሞ የምትማረው ይህንኑ አይደል? ለእኔ ያልሆነ ትምህርት ለማን ሊሆን ነው? እንደ ዋዛ አድርጌ ጣል አደረግኩት።

«ሲስተር፣ ትናንት ማታ የሆነ ሰው ሲያወራ ሰምተሻል እንዴ?»

ከመመረቋ በፊት «ሲስተር» እያልኩ ማብሸቅ ልማዴ ነው፤ ሁልጊዜ ትስቃለች። ያን ቀን አልሳቀችም። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ጋዋኑን አስቀመጠች፣ ከእኔ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቆመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድም ጋሼ፣ ለእኔ አልተሰማኝም። አንተ ግን እንደሰማህ አምናለሁ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። በቃሏ ስታጠና መጽሐፉን ይዤ የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ «እንደሰማህ አምናለሁ» የሚለውን ስትረሳ ያስታወስኳትም እኔ። እንግዲህ ታካሚዋ ሆንኩ። ቀጥሎ «ድምፁ ምን አለህ?» ብትለኝ ኖሮ እነግራት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችም። እኔም «የጎረቤት ራዲዮ ይሆናል» አልኩ። «ይሆናል» አለች። ሁለታችንም ራዲዮ ያለው ጎረቤት እንደሌለን እናውቃለን።

ከዚያ ወዲያ የኖርኩት ኑሮ ኑሮ አይባልም። በየማታው ባይሆንም ድምፁ ይመጣል። ቀን ቀን የልብስ ስፌት ቤቱን ሰዎች ፊት አጠናለሁ። ሲያወሩ ስለ እኔ ነው እላለሁ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብሳል፣ «ዝም ያሉት አዝነውልህ ነው» ተብያለሁና። አንዱ ሻይ ቢጋብዘኝ ለምን ጋበዘኝ? ሳይጋብዘኝ ቢቀር ለምን ተወኝ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ የበረየሁት በሻይ ብርጭቆ ነው። እማዬ ጉንጬ መጉደሉን አይታ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አንተ ልጅ» አለችኝ፣ ሌላ ሳትጨምር። የምትለው ገብቶኛል።

ብቻዬን ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። «ቶሎ በመምጣትህ ጥሩ አደረግህ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ጥሩ ሐኪም ነው። የመድኃኒቱን መጠን ከፍ አደረገልኝ። ምላሴ ከበደ፣ ጠዋት ጠዋት ራሴን ከትራሱ ማንሳት አቃተኝ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥቂት እንደቆየሁ ድምፁ ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይሄ ነው ቅስሜን የሰበረው። ድምፁ ከጠፋ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ መድኃኒቱ ከሠራ ደግሞ በሽታው እውነት ነበር ማለት ነው።

እጄን ብደብቅም መቀሱ አሳበቀብኝ። የአንድ ጠበቃ ኮት ላይ ነው፤ በጠመኔ ያሰመርኩትን መስመር ትቼ ደረቱን ወደ ውስጥ በላሁት። ውድ ጨርቅ ነው፣ የሚተካ ቁራጭ የለውም። ምላጭ መጣ፣ ጨርቁን አየ፣ እጄን አየ። ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! አልተሳደበም። ዝም አለ። ከዚያ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ለጊዜው ካውያው ጋ ቁም፣ የኔ ልጅ» አለኝ። የኔ ልጅ ብሎኝ አያውቅም።

የእህቴ ትምህርት ቤት ቤተሰብ የሚጠራበት ቀን የደረሰው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። የምትሄደው እማዬ ነበረች፤ ጉልበቷን አሟት «አንተ ሂድላት፣ ሰው አልባ አትሁን» አለችኝ። እህቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ትከሻዋን አየሁት።

«ብትቀር ምን አለበት? የሚያሰለች ነገር ነው እኮ» አለችኝ።

«ልቅርልሽ?»

«አይ… ና። እዚያ የሚያስሞክሩትን መነጽር ግን እንዳታደርግ፣ እሺ? ያዞርሃል።»

አፈረችብኝ ብዬ ነገሩን በሆዴ ያዝኩት። ቢሆንም ሄድኩ፤ ቂም ይዤ ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ።

ክፍሉ የመድኃኒትና የወለል ሰም ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ የፕላስቲክ በሽተኛ አይኑን ጣራ ላይ ተክሎ ተኝቷል። እናቶችና አባቶች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረናል፤ ተማሪዎቹ ጋዋናቸውን ለብሰው ግድግዳውን ይዘዋል፣ እህቴ በሩ አጠገብ። ጠረጴዛው ላይ አይን የሚሸፍን፣ ከራስ ጋር በማሰሪያ የሚታሰር ጥቁር መነጽር ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ተቀምጧል። መምህርቷ የኮሌታዋ ስፌት የተጣመመ፣ ፊቷ ግን ደግ የሆነ ሴት ነች። ቪአር ይባላል አለች። ያጠለቀው ሰው ቁጭ ባለበት ሌላ ክፍል ውስጥ የገባ ይመስለዋል።

«ተማሪዎቻችን ድምፅ የሚሰማውን ሰው ከመርዳታቸው በፊት ለጥቂት ደቂቃ እሱን እንዲሆኑ ነው» አለች። «ድምፆቹ በውጭ ቋንቋ ነበር የመጡት፤ በራሳችን ቋንቋ ያስቀዱት ተማሪዎቹ ናቸው፣ ሁሉም በየቤቱ፣ በምስጢር። አንዱ የሌላውን ለይቶ እንዳያውቅ ያለ ስም ነው የተሰበሰበው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ድምፁን ካቀናበረው ባለሙያ በቀር እኔም አላውቅም። ቃሉንም ፈጥረው ነው። ከየትኛውም ታማሚ አፍ የተወሰደ ቃል የለበትም፤ ይህ ደንባችን ነው፣ የጣሰ ልምምዱ ይሰረዝበታል።»

የአንዷ ተማሪ አባት፣ ግንባታ ላይ የሚሠራ ግዙፍ ሰውዬ፣ አጠለቀው። ወዲያው ነጥቆ አወለቀውና አይኑን በመዳፉ ጠረገ። «እነዚህ ሰዎች ከዚህ ጋር ነው እንዴ ገበያ የሚሄዱት?» አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ ወለል ወለሉን አያለሁ።

«እርስዎስ? ወንድሟ ነዎት አይደል?» አለችኝ መምህርቷ።

«እሱ ይቅርበት» አለች እህቴ ከበሩ ጋ፣ ፈጠን ብላ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እምቢ ብል «ለምን?» ሊባል ነው፤ «ለምን» የሚለውን ደግሞ እንኳን እኔ የፕላስቲኩ በሽተኛም አይወደውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብዬ አጠለቅኩት።

የሰው ድምፅ ጠፋ። የክሊኒክ መቀበያ ፊት ቆሜያለሁ። ከመስታወት ጀርባ አንዲት ፀሐፊ አለች፤ ሸሚዟ ትከሻው ላይ ስፌት የለውም። የሠራት ሰው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም። ይህ ትንሽ አረጋጋኝ፤ ስፌት የሌለው ነገር እውነት አይደለም።

«ስም?» አለችኝ።

በቀኝ ጆሮዬ አንድ ሰውዬ ሳቀ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ታጉረመርማለች። እነዚህንስ ቻልኳቸው። ከዚያ በግራ ጆሮዬ፣ ከሥሩ፣ ትንፋሽ የበዛበት ሹክሹክታ መጣ።

«ታወቀብህ።»

ጨርሶ ጠፍቶ የነበረው፣ ምላሴን ያስከበደው፣ መቀሴን ያስነጠቀኝ ያ ድምፅ ነው። ተከትሎኝ ማሽን ውስጥ ገባ። «እጅህን ደብቅ» አለኝ፤ እጆቼን በብብቴ ሸጎጥኩ። ፀሐፊዋ «ስም?» ትላለች፣ ስሜ ከአፌ አልወጣ አለ። ድኛለሁ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነበር፣ ከእንግዲህ መውጫ የለኝም ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያኔ ከሹክሹክታው ጀርባ አንድ አልጋ ሲጢጥ አለ። ቀጥሎ ሰው ሳለ።

ደረቅ ሳል ነው፤ ሁለቴ ይልና መጨረሻው ላይ ትንሽ ያቃስታል። እማዬ «ያባትህን ሳል ነው የወረስከው፣ ስሎ ይቅርታ የሚጠይቅ» ትለኛለች። ሳሉ የኔ ነው። የመጣው ግን ከጉሮሮዬ አይደለም፤ ታፍኖ፣ ከግድግዳ ማዶ ነው። ሹክሹክታው ቆመ፣ እንደዚያን ዕለት። ትንሽ ቆይቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሽታዬ ስንት ጉድ አሰምቶኛል፤ እኔን ራሴን ከቺፑዱ ማዶ ሆኖ ግን አሰምቶኝ አያውቅም። የሳለው ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ስትቀዳ ሳሌን የያዘችው ደግሞ ከቺፑዱ ማዶ ያለች ሰው ናት።

ሳቄ መጣ። ልይዘው ብሞክርም አልያዝ አለኝ፤ መነጽሩን ሳወልቅ ሳቁ ከእንባ ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

«እህቴ ናት!» አልኩ። «ውስጥ ያለችው እህቴ ናት። ቤትም ከትራሴ ሥር ታናግረኝ ነበር። የሳለው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ያልኩት ለጆሮዬ ተመልሶ ሲደርሰኝ እኔም ሰማሁት። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የሚነገር እብደት ካለ ይኸው እሱ ነው። ሁለት ተማሪዎች ቀስ ብለው ከግድግዳው ለቀቁ፤ አንዱ በግራዬ አንዱ በቀኜ፣ አንድ ክንድ ራቅ ብለው፣ በሩን ሳይዘጉብኝ። መጽሐፉ የሚለው ልክ እንደዚያ ነው፤ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ሌላዋ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ ሰው ያላያት መስሏት አነሳች። መምህርቷ ፊቴ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለእኔ አልተሰማኝም። እርስዎ ግን እንደሰሙ አምናለሁ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝ። ብናገር ይብስብኛል። ብቆጣ «ተረበሸ» ነው። ብስቅ እንዲያውም። እውነቱን ይዤ እውነቱ ራሱ እብድ አስመሰለኝ። ዝም አልኩና እህቴን አየኋት፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ጀርባዋን በሩ ላይ አጣብቃለች። ትከሻዋ ጆሮዋን ሊነካ ምንም አልቀረው። ደንቡን ሰምቻለሁ፣ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እኔ ታምሜ፣ እሷ አዝና፣ በአጀብ ወደ ቤት እንሄዳለን። ዝምታዋ ረዘመብኝ። በልቤ «አትናገርም» ብዬ ጨርሼ ነበር።

«ልክ ነው» አለች። «እኔ ነኝ። ቤት ነው የቀዳሁት፣ እስክጨርስ ብዙ ማታ እየደጋገምኩ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ። ቃሎቹም የፈጠርኳቸው አይደሉም፤ የእሱ ናቸው። ሲታመም የነገረኝ ነው።»

ሁለቱ ተማሪዎች ወደ ግድግዳው ተመለሱ። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ወረደ።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረን ሄድን፤ ደሜ ፈልቶ ግንባሬ ላይ ይመታል።

«ቃሎቼን ሰጠሻቸው» አልኳት። «በእኔ በሽታ ነጥብ ልትይዢ።»

«ፈጥሬ ነበር መጀመሪያ። የፈጠርኩት ሁሉ ውሸት ውሸት ይላል። እውነተኛውን የማውቀው ያንተን ብቻ ነው።»

«ሳሉንስ? አልሰማሽውም?»

«ሰምቻለሁ። በእንቅልፍህ ነበር የመሰለኝ። ድምፁን ያቀናበረው ባለሙያ ተዪው አለ፣ ቤት ቤት ይላል ብሎ። ስትጠይቀኝ ደግሞ… ወንድም ጋሼ፣ ስትጠይቀኝ እኔን ሰምተህ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም። የታመምክ ብቻ መሰለኝ። አእምሮዬ ሌላ ሊያስብ አልቻለም።»

«ለምን ‹ምን አለህ› አላልሽኝም? አንዲት ቃል ነበረች እኮ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሄደ። አልተሳፈርንም።

«መልሱን ፈርቼ» አለች። «ደግሞ ቀዳሁት ማለት አሳፈረኝ፤ ያንተን ሕመም መጫወቻ ያደረግኩ ይመስላል። ነው እንዴ?»

ነው ልላት ፈልጌ ነበር። እጄን አየችው፣ መንቀጥቀጡን። የመድኃኒቱን መጨመር፣ የጠበቃውን ኮት፣ መሳቢያ የገባውን መቀስ ነገርኳት። እዚያው ማቆሚያው ላይ አለቀሰች፤ እኔም አላባበልኳትም፣ ታልቅስ ብዬ ተውኳት።

ሐኪሙ ጋ አብራኝ ገባችና እሷው ተናገረች። ሳቀም አዘነም፤ መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ ድሮው መለሰው። እጄ እየረጋ መጣ። እህቴ ልምምዷ ተሰርዞ እንደገና እንድትጀምር ተፈረደባት፤ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አጨበጨበች። ምላጭ ነገሩን ስነግረው «ግድግዳህን በጡብ አሠራ» አለኝ። መቀሱን ከመሳቢያው አወጣ። ከዚያ ቤት የሰማሁት ትልቁ የምስጋና ንግግር ይኸው ነው።

ቤት ውስጥ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ያወጣችው እህቴ ናት። ክፍሏ ውስጥ ድምፅ ከማውጣቷ በፊት ቺፑዱን በጣቷ ታንኳኳለች። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ስልክ ላይ ነኝ» ትላለች። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ላጠና ነው።» አንዳንዴ ስታስነጥስ እንኳ «እኔ ነኝ» ትላለች። «ኧረ በቃሽ፣ አወቅንሽ» እላታለሁ። ደስ ግን ይለኛል። ራቴን እየጠበቅኩ ጋደም ስል ያቺን ማንኳኳት ካልሰማሁ ቅር ይለኝ ጀመር።

አንድ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ መስኮቱ ግራጫ ሆኖ ሳለ፣ ጋደም ብዬ ሹክሹክታ ሰማሁ። ቅርብ ነው፣ ከራስጌዬ በኩል። ሳታንኳኳ ጀመረች ብዬ ተናደድኩ።

«ሲስተር፣ ደንቡን ረሳሽው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

መልስ የለም። ሹክሹክታው አላቆመም።

«አንቺ ነሽ?»

በሩ ተከፈተ፤ የኔ በር፣ በሳሎኑ በኩል። እህቴ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ሆኖ ቆማለች፤ ከእማዬ ጋር ዕቃ እያጠበች ነበር። አየችኝ። ቺፑዱን አየችው። ትከሻዋ ሊነሳ ሲል አየሁት፤ መልሳ አወረደችው።

«አይደለሁም» አለች።

«ራዲዮ ይሆናል» ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን መጥታ አልጋዬ ላይ ከነሳሙናዋ ቁጭ አለች፣ አንድ ክንድ ሳትርቅ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እየነካ።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

ነገርኳት።